ስቴይንለስ ቢላ ስለት የሚይዘው እንዴት ነው? ከእቶን እስከ ሮክዌል መለኪያ

ቁርጥ ቤት ሥጋው ከመቅረቡ በፊት ቢላውን በአውራ ጣቱ ያልሞከረ ማን አለ? ሞክሮ "ኧረ ሌላ አምጣልኝ" ያላለስ? አስተናጋጁ ሁለት ቢላ እርስ በርስ እያፋጨ ይመጣል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቆርጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ዱልዱም። ምክንያቱን ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፦ "ስቴይንለስ ነዋ! ስቴይንለስ ስለት አይዝም።"

እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ነበር። አሁን አልልም። ምላጭም እኮ ስቴይንለስ ነው። ጢም የሚላጨው ምላጭና ቲማቲም ላይ የሚንሸራተተው የወጥ ቤት ቢላ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሚለያዩት በካርቦናቸው መጠንና እሳት ውስጥ ባሳለፉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ይህ ክርክር ከብረቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሃሪ ብሪርሊ የሚባል የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 የጠመንጃ አፈሙዝ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ 12.8 በመቶ ክሮሚየምና 0.24 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት አቀለጠ። ዝገት እንደማይደፍረው ሲያይ "ለቢላ ይሆናል" ብሎ ለከተማው ቢላ ሠሪዎች ሰጠ። እነሱ ግን አልወደዱትም። ብሪርሊንም "የማይቆርጥ ቢላ የፈጠረው ሰውዬ" እያሉ አሾፉበት። አዲሱ ብረት የለመዱት ዓይነት እሳት አልበቃውም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ አንድ የወጥ ቤት ወይም የቁርጥ ቢላ ከለስላሳ ላሜራ ተነስቼ የማጠነክርበት መንገድ ነው። ሥራው ቀላል ነው አልልም። ግን ምሥጢር የለውም።

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ

በአማርኛ "ጠንካራ" ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። አንደኛው የማይፋቅ፣ የማይጎደጉድ ማለት ነው፤ እሱን ጥጥርነት ልበለው። ሁለተኛው ቢመቱት የማይሰበር ማለት ነው። ብርጭቆ ጥጥር ነው፤ ግን ይሰበራል። ጎማ አይሰበርም፤ ግን ጥጥር አይደለም። ቢላ ሁለቱንም ይፈልጋል። ችግሩ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ሥራው በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነው።

ብረቱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከፋብሪካ የሚመጣው ላሜራ እንዲቆረጥና እንዲበሳ ሆን ተብሎ የለሰለሰ ነው። በዚህ ጊዜ ካርቦኑ ከክሮሚየም ጋር ተጣብቆ ካርባይድ የሚባሉ ደቃቅ ጠጠሮች ሠርቶ ተኝቷል። ዙሪያው ያለው ብረት ካርቦን ስለሌለው ለስላሳ ነው። ክሮሚየሙም ከፊሉ እዚያው ጠጠሮች ውስጥ ስለታሰረ ብረቱ ዝገትን በደንብ አይከላከልም። አዎ፣ ያልጠነከረ የቢላ ስቴይንለስ በቀላሉ ይዝጋል። ይህን ሳላውቅ በፊት ገና ያልጨረስኩት ቢላ ሌሊቱን እርጥብ ጨርቅ ላይ አድሮ ጠዋት ነጠብጣብ ሲያወጣ "አታለሉኝ" ብዬ ነጋዴውን አምቼዋለሁ።

ብረቱን ከ1000 ዲግሪ በላይ ስናሞቀው ውስጣዊ አደረጃጀቱ ይቀየራል፤ ኦስቴናይት ይሆናል። ኦስቴናይት ካርቦንን የመዋጥ ትልቅ አቅም አለው። ካርባይዶቹ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ። ካርቦኑም ክሮሚየሙም ወደ ብረቱ ይገባሉ። ከዚያ በፍጥነት ስናቀዘቅዘው ካርቦኑ መውጫ ያጣና እንደታፈነ ይቀራል። ይህ የተወጠረ አደረጃጀት ማርቴንሳይት ይባላል፤ በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ነው። ጥጥርነቱ የሚመጣው ከውጥረቱ ነው።

ስለዚህ ጥጥርነትና ዝገት አለመፍራት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ካርባይዱ በልኩ ከመሟሟቱ። አንዱን ያበላሸ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

ደረጃ 1፦ ብረቱን እወቁት

ማግኔት ያዙ። አብዛኛው ድስትና የውሃ ጋን የሚሠራበት 304 የሚባለው ስቴይንለስ ማግኔት አይስበውም፤ ወይም በጣም በትንሹ ብቻ ነው። በሙቀት ፈጽሞ አይጠነክርም፤ ዕድሜ ልካችሁን ብታነዱበትም። ማንኪያ ላይ 18/10 የሚል ካያችሁ እሱም ያው ነው። የእኛ ብረት ማግኔት ይስበዋል። ግን ማግኔት የሳበው ሁሉ የእኛ አይደለም። 430 የሚባለው የርካሽ ማንኪያና የፍሪጅ ብረት ይሳባል፤ ካርቦኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ግን አይጠነክርም።

ምክሬ፦ ስሙ ያልታወቀ ቁራጭ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ከባሌስትራ ቢላ የሚሠሩ ባለ እጆቻችን በልምድ ብቻ ድንቅ ሥራ ይሠራሉ፤ ባሌስትራ ይቅር ባይ ብረት ስለሆነ ነው። ስቴይንለስ ቂመኛ ነው።

ለቢላ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። 420 ከ12 እስከ 14 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ካርቦኑ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። 0.3 ወይም 0.4 በመቶ ካርቦን ያለው 420 በርካሽ ቢላዎችና በቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ላይ ይገኛል። 1.4116 የሚባለው የጀርመን ቢላ ብረት 0.5 በመቶ አካባቢ ካርቦንና 15 በመቶ ክሮሚየም አለው። ኤኢቢ-ኤል 0.67 በመቶ ካርቦንና 13 በመቶ ክሮሚየም የያዘ፣ ለምላጭ ተብሎ የተሠራ ብረት ነው። 440ሲ ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየሙ ከ16 እስከ 18 ነው። ካርባይዶቹ ትልልቅ ስለሆኑ መፈግፈግን ይችላል፤ ቀጭን ስለት ላይ ግን ቶሎ ይሸረፋል። 410 ደግሞ ካርቦኑ ከ0.15 ስለማይበልጥ ለብሎንና ለፓምፕ ዘንግ እንጂ ለቢላ አይሆንም።

ለጀማሪ አንድ ምረጥ ብትሉኝ ኤኢቢ-ኤል እላለሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በዋናነት የእሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ ማሰናዳት

ዋናው ዕቃ ሙቀቱ በዲጂታል መቆጣጠሪያ የሚገዛ የኤሌክትሪክ እቶን ነው። ከሰልና ወናፍ አይሆንም። ይህን የምለው ከሰል ንቄ አይደለም። በመጀመሪያ ሙከራዬ አንድ 440ሲ በከሰል አጋልኩና ዘይት ውስጥ ነከርኩ። ሞረድ ስነካው ልክ እንደ ሳሙና ተፋቀ። የለመደ ባለ እጅ የባሌስትራን ሙቀት በማግኔት ይለካል። ማግኔቱ መያዝ ሲያቆም ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ትንሽ ጨምሮ ይነክረዋል። ስቴይንለስ ግን ከዚያም በላይ ወደ 300 ዲግሪ ተጨማሪ ይፈልጋል፤ እዚያም ላይ ለደቂቃዎች መቆየት አለበት። በ1030ና በ1080 መካከል ያለውን የቀለም ልዩነት በዓይን እለያለሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ሌላው የሚያስፈልገው፦ ሙቀት የሚችል የስቴይንለስ ፎይል፣ ወፈር ያሉ ሁለት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች (25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቶርኖ ቤት ቁራጭ ይገኛል)፣ ረጅም ጉጠት፣ የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከላከያ፣ ሙቀቱ የሚታመን የዳቦ ምድጃ፣ እና አዲስ ሞረድ። የወጥ ቤት የአሉሚኒየም ፎይል እንዳይሞከር! አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል።

እቶኑን ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት። ንጹሕ የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ጥቂት ፍሬ በትንሽ የሸክላ ስባሪ ላይ አድርጉና 790 ላይ ተመልከቱ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መቆጣጠሪያው 830 እያለ ጨው ካልቀለጠ ቁጥሩ ውሸት ነው። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ከቢላው ርቆ ሲቀመጥም እንዲህ ያለ ስህተት ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ቢላውን ለእሳት ማዘጋጀት

ቅርጹን ቁረጡ። የእጀታውን ቀዳዳ አሁኑኑ ብሱ፤ ከጠነከረ በኋላ ድሪሉ ይቃጠላል እንጂ አይበሳም። ጠርዙን ግን ስለት ድረስ አታቅጥኑት። ላሜራው ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እኔ ጭራሽ አልሞርደውም፤ ጠፍጣፋውን እንዳለ አጠነክራለሁ። ቀጭን ጠርዝ እሳት ውስጥ እንደ ድንች ጥብስ ይጥመለመላል። ወፍራም ከሆነ ቢያንስ የ0.7 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ተዉለት።

የግራይንደር ጭረቶችን በብርጭቆ ወረቀት አጥፉ። ጥልቅ ጭረት ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ከዚያ በአልኮል በደንብ ጥረጉት፤ የጣት ዘይት እንኳ አይቅር።

ደረጃ 4፦ መጠቅለል

በዚህ ሙቀት ባዶውን የገባ ብረት በአየሩ ይበላል። ላዩ ቅርፊት ይሆናል፤ ከሥሩም ካርቦኑ ያመልጣል። ስለዚህ ቢላውን በፎይል ጠቅልሉት፤ እያንዳንዱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ በጠንካራ ነገር ደፍጥጡት። የፎይሉ ጫፍ ከምላጭ አይተናነስም፤ ጓንት አድርጉ። ውስጡ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ጨምሩ፤ ሲቃጠል የቀረችውን ኦክስጅን ይጠጣታል። ትርፍ አየሩን በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አስወጡ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር ቢላው ላይ ክብ ጥቁር ማኅተም ታገኛላችሁ።

ደረጃ 5፦ ማሞቅ

ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

እቶኑን መጀመሪያ 760 ዲግሪ ላይ አድርሱና ጥቅሉን አስገቡ። አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር ሲስተካከል መጣመም ይቀንሳል። ከዚያ ወደ 1065 ዲግሪ አሳድጉ። መቆጣጠሪያው 1065 ላይ ሲረጋ ሰዓት ያዙ። 10 ደቂቃ ለ2 ወይም ለ3 ሚሊ ሜትር ኤኢቢ-ኤል ይበቃዋል፤ ለማንኛውም ብላችሁ 15 ብታደርጉት አይጎዳም። 440ሲ ከሆነ 1040 ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እይዘዋለሁ፤ ትልልቅ ካርባይዶቹ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋሉ። 420 በ1020 አካባቢ ይበቃዋል። የሻጩ ወረቀት ከእነዚህ የተለየ ቁጥር ካለው የሻጩን ተከተሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ሙቀቱ ቢያንስ ካርባይዱ በቂ አይሟሟም። ካርቦኑ ጠጠሩ ውስጥ እንደተኛ ይቀራል፤ ቢላው ለስላሳና የሚዝግ ይሆናል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ሰው የሚሳሳተው "እንግዲያው ልጨምርበት" ሲል ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ካርቦኑ ከልክ በላይ ይሟሟል፤ ኦስቴናይቱም እጅግ ይረጋጋል። ስታቀዘቅዙት ከፊሉ ወደ ማርቴንሳይት አልለወጥም ብሎ እንቢ ይላል። ኦስቴናይት ደግሞ ለስላሳ ነው። በዚያ ላይ የብረቱ ቅንጣቶች፣ ማለትም ብረቱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ስለሚያድጉ ይሰባበራል። ማለትም 1000 ላይ የተጠነከረውም 1130 ላይ የተጠነከረውም ሞረድ ይበላዋል። ውጤቱ አንድ፣ በሽታው የተለያየ።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ለስላሳ የወጣውን ቢላ ሳትውሉ ሳታድሩ ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ውስጥ ክተቱት። ጥጥርነቱ ጉልህ ሆኖ ከጨመረ ሙቀት በዝቶበት ነበር፤ ያልተለወጠው ኦስቴናይት በብርዱ ተለወጠ ማለት ነው። ምንም ካልጨመረ ሙቀቱ አንሶት ነበር።

መብራት ቢሄድስ? አገር ቤት ለሚሠራ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በሩን አትክፈቱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ከመጣ ሙቀቱ ተመልሶ 1065 ሲደርስ የቀረውን ጊዜ ጨርሱ። ካልመጣ ጥቅሉን አውጥታችሁ "ለማንኛውም" ብላችሁ አታቀዝቅዙት፤ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳወጣችሁት የማይታወቅ ቢላ ጥሩ ይሁን መጥፎ አታውቁም። እቶኑ ውስጥ ተዘግቶ በዝግታ ይቀዝቅዝ። በማግስቱ ከታች እንደምነግራችሁ አለስልሱትና እንደ አዲስ ጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ማቀዝቀዝ

የአባቶቻችን ባለ እጅ ብረቱን "ውሃ ያጠጣዋል"። ይህን ብረት ግን ውሃ አታጠጡት፤ ይሰነጠቃል። ክሮሚየሙ ለውጡን ስለሚያዘገየው አየር እንኳ ያጠነክረዋል። ሆኖም አየር ብቻውን ለወፈር ያለ ቢላ ቀርፋፋ ነው። ከ1065 እስከ 550 ዲግሪ ያለውን ጉዞ ቢላው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቢጨርስ ይመረጣል። እዚያ መሃል ከዘገየ ክሮሚየሙና ካርቦኑ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ተመልሰው ይጣበቃሉ፤ ቢላው ዝገት ይደፍረዋል፤ ይሰባበራልም።

መፍትሔው ሰሌዳዎቹ ናቸው። አንዱ አሉሚኒየም ጠረጴዛው ላይ ይጠብቅ። ጥቅሉን በጉጠት አውጡ፣ ፎይሉን ሳትፈቱ ሰሌዳው ላይ አጋድሙ፣ ሁለተኛውን ሰሌዳ ጫኑበት፣ በላዩም ተጫኑ። ከእቶን እስከ ሰሌዳ ከአምስት ሰከንድ እንዳይበልጥ። መጀመሪያ በባዶ ጥቅል ተለማመዱ፤ ሰው ፊት ለፊታችሁ እንዳይቆም። ኮምፕሬሰር ካላችሁ በሰሌዳዎቹ ክፍተት አየር ንፉ። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ በእጅ የሚያዝ ይሆናል። ሰሌዳው ቢላውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው መጣመምንም ይከላከላል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ጥቂት ከተጣመመ ገና ሙቅ ሳለ፣ ቀለም ከጠፋ በኋላ ግን እጅ ከማስነካቱ በፊት፣ በጓንት ልታቃኑት ትችላላችሁ። ያኔ አብዛኛው ገና ኦስቴናይት ስለሆነ ይታዘዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ብትገፉት "ቀጭ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ብርድ

በእንዲህ ያለ ብረት ለውጡ በክፍል ሙቀት አያልቅም። ጥቂት ኦስቴናይት ይቀራል። ብርዱ ያን ቀሪ ያስጨርሰዋል። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። አገራችን ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅንን የሚያውቁት ከብት በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ዘሩ የሚቀመጠው በእሱ ነው።

ቢላው የክፍል ሙቀት እንደደረሰ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ብርዱ ውስጥ ይግባ። ካደረ ኦስቴናይቱ ይለምድና ለመለወጥ ያስቸግራል። አንድ ሰዓት ይበቃል። ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሮክዌል ነጥብ ነው (ሮክዌል የጥጥርነት መለኪያ ነው፤ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ)። ሁለቱንም ዕቃዎች በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡ፤ ይፈነዳል። በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ብቻ ሥሩ፤ ጋዙ አየሩን ገፍቶ ያፍናል።

ሁለቱንም ካጣችሁ የቤት ፍሪዘር ከምንም ይሻላል። ከ1065 ይልቅ 1050 ላይ ብታጠነክሩም የሚቀረው ኦስቴናይት ይቀንሳል። ብርድ የለም ብላችሁ ሥራውን አትተዉት።

ደረጃ 8፦ ማለዘብ

አሁን በእጃችሁ ያለው ቢላ ጥጥር ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ነው። ከሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን አለዝቡት፤ ቴምፐር የሚሉት ነው።

ኤኢቢ-ኤል ለቁርጥ ወይም ለሽንኩርት ከሆነ 175 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አውጥቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ሰዓት። ውጤቱ ከ60 እስከ 62 ሮክዌል አካባቢ ነው። አጥንት ለሚነካ ቢላ 200 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ነጥቡ ይወርዳል፤ ቢላው ግን አይሸረፍም። ሁለተኛው ዙር ለምን? በመጀመሪያው ዙር ሲቀዘቅዝ አዲስ ማርቴንሳይት ሊፈጠር ይችላል፤ እሱም መለዘብ አለበት።

የዳቦ ምድጃ ሙቀቱ ይዋዥቃል። 175 ያላችሁት ምድጃ 150ና 210 መካከል ሲመላለስ ይውላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጥበሻ ሙሉ አሸዋ አስቀድማችሁ አሙቁና ቢላውን ውስጡ ቅበሩት። የምድጃ ቴርሞሜትርም አጠገቡ ይቁም። በቀለም አትመሩ። ባሌስትራን ያለዘበ ሰው ቢጫ ቀለም ይጠብቃል፤ ስቴይንለስ ላይ ያ ቀለም የሚመጣው በጣም ዘግይቶ፣ በከፍተኛ ሙቀት ነው።

ከ425 እስከ 565 ዲግሪ ያለውን ክልል ጨርሶ አትርገጡት። ጥጥርነቱ እዚያ አካባቢ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ብረቱ ግን ይሰባበራል፤ ክሮሚየሙም እንደገና ስለሚታሰር ይዝጋል።

ደረጃ 9፦ መለካት

መጀመሪያ አዲስ ሞረድ። የጠነከረ ቢላ ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ከነከሰ ቢላው ለስላሳ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ላዩ ካርቦን ካጣ ሞረዱ ቆዳውን ብቻ ይነክሳል፤ ከሥሩ ያለው ጥጥር ሊሆን ይችላል። ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ ድገሙት።

ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ ሮክዌል መለኪያ ወዳለበት ማሽን ቤት ወይም ኮሌጅ ውሰዱት። ማሽኑን የፈጠሩት ሂዩና ስታንሊ ሮክዌል በአሜሪካ ኮነቲከት የቦል ቤሪንግ ቀለበቶችን ጥራት በፍጥነት ለማወቅ ነበር፤ የመጀመሪያውን የባለቤትነት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1914 አስገቡ። አሠራሩ ደስ ይላል። ጫፉ 120 ዲግሪ የሆነ የአልማዝ ሾጣጣ መጀመሪያ በ10 ኪሎ፣ ከዚያ በ150 ኪሎ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ 10 ኪሎ ሲመለስ ምን ያህል እንደጎደጎደ ይለካል። እያንዳንዱ 0.002 ሚሊ ሜትር ከ100 ላይ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። 60 ሮክዌል ማለት አልማዙ 0.08 ሚሊ ሜትር ገባ ማለት ነው። የወረቀት ውፍረት ያህል!

እንዲህ ስስ ስለሆነ ቆሻሻ ያሳስተዋል። ቢላው ከሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ በሆነበት፣ እጀታው አጠገብ ለኩ። ተዳፋቱ ላይ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። የመጀመሪያውን ንባብ ጣሉት፤ ቀጥለው ሦስት ውሰዱ፤ ነጥቦቹን አራርቁ። ማሽኑ በመመዘኛ ብረቱ መፈተኑን ጠይቁ። አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ቢላዬን 66 ነው ብለውኝ በደስታ ሰክሬ ወጣሁ። ሌላ ቦታ ስለካው 59 ሆነ።

ቁጥሩ ደግሞ ሁሉን አይነግርም። ከተሳለ በኋላ ስለቱን በናስ ዘንግ ላይ በትንሽ አንግል ጫን አድርጋችሁ ጎትቱት። ጠርዙ ሲተጣጠፍ በብርሃን ይታያል። ተጣጥፎ ከተመለሰ ልኩ ነው። ተጣጥፎ ከቀረ ለስላሳ ነው። ከተሸረፈ ደግሞ 25 ዲግሪ ጨምራችሁ እንደገና አለዝቡት።

ካልሆነስ?

ለስላሳ የወጣን ቢላ ወዲያው መልሶ 1065 ላይ መክተት ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል። መጀመሪያ ማለስለስ ይሻላል። 760 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ያዙትና እቶኑ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከ1000 ዲግሪ በላይ አግላችሁ "አየር ላይ ቀስ ብሎ ይለስልስ" ብላችሁ አታስቀምጡት። ይህ ብረት አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ስንቱ ድሪል በዚህ ጦስ ተሰብሯል።

ሲሞረድ ያለው ሙቀትም ልፋቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ከማጠንከር በኋላ በባዶ እጅ ሞርዱ። ጣታችሁን ካቃጠለው ውሃ ውስጥ ንከሩት። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ማርቴንሳይቱ ተበላሽቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙ ይጠፋል እንጂ ጥጥርነቱ አይመለስም። በተራ የብረት ብሩሽም አትፈግፍጉት፤ የብሩሹ ብናኝ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይዝግና ቢላው የዛገ ይመስላል።

እቃ አጣቢዋንም አደራ በሏት። ቢላውን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ እንዳታሳድር። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የትኛውንም የቢላ ስቴይንለስ ይበሳሳዋል፤ ስንት ሮክዌል እንደሆነም አይጠይቅም። እጥብ፣ ድርቅ፣ ወደ ቦታው።